የናይሮቢው ጉባኤና ባለ 617 አሃዙ ቁጥር

የኢንተርኔትን ስሞችና አድራሻዎች የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት 37ኛ ጉባኤውን ያካሄደው በናይሮቢ ነበር። ጊዜው ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 3 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 7 እስከ 12 ቀን 2010 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ ናቸው። ቦታው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የጉባኤ ማዕከል ነው፤ ኖርዌያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክ ከኬንያዊው ዴቪድ ሙቲሶ ጋር ነድፎት በ1973 የተመረቀው ባለ 28 ፎቅ ሕንፃ። በዋዜማው የጸጥታ ሥጋት ማስጠንቀቂያ በመውጣቱ ከሌላ አህጉር ሊመጡ ካሰቡት ብዙዎች ቀርተው ውይይቱን ከያሉበት በኢንተርኔት ተከታትለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዚያ ሳምንት ገና ያልተፈጠረ አንድ ቁጥር ነው። ተሰብሳቢዎቹ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ስንት አሃዝ እንደሚኖረውም ተወስኗል። ቁጥሩ ከሦስት ወር በኋላ ተወለደ። 617 አሃዞች አሉት፣ የሁለት ፕራይም ቁጥሮች ብዜት ነው፣ ራሱ ለማንም ግልጽ ሲሆን ሁለቱ አባዦቹ ግን ለማንም አልተገለጡም።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። ሰው በኮምፒውተሩ የድረ ገጽ ስም ሲጽፍ ስሙን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚለውጥለት ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ጠያቂው ኮምፒውተር ከጥያቄው ጋር መለያ ቁጥር ይልካል፤ መልሱ ያንኑ መለያ ይዞ ከመጣ እውነተኛ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ለመለያው የተመደበው ቦታ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች 65,536 ናቸው። ሥርዓቱ በ1983 ሲነደፍ ይህ የሚያሳስብ አልነበረም። ጁላይ 8 ቀን 2008 ግን አሜሪካዊው ዳን ካሚንስኪ መለያውን እየደጋገሙ በመገመት የሐሰት መልስ ማስገባት እንደሚቻል ማግኘቱ ይፋ ሆነ። የባንኩን ስም በትክክል የጻፈ ሰው ሳያውቀው ሌባ ያዘጋጀው ገጽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሶፍትዌር አምራቾች በአንድ ቀን ተቀናጅተው ማስታገሻ አወጡ፤ ማስታገሻው ግን ግምቱን አከበደው እንጂ አላስቀረውም። መድኃኒቱ ከዚያ በፊት የተነደፈ ነው፦ እያንዳንዱ መልስ በሒሳብ ፊርማ ተረጋግጦ እንዲመጣ የሚያደርገው ዲኤንኤስሴክ። ስዊድን የራሷን የስም ክልል በ2005 ፈርማ ነበር። የሁሉም መነሻ የሆነው ሥር ግን አልተፈረመም፤ ሥሩ ሳይፈረም የቅርንጫፎቹን ፊርማ ከላይ ሆኖ የሚያጸና አልነበረም። ባለ 617 አሃዙ ቁጥር የተፈለገው የሥሩ ፊርማ የሚመረመርበት ቁልፍ እንዲሆን ነው።

ናይሮቢ በዚያን ጊዜ ለኢንተርኔት እንግዳ አልነበረችም። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከባሕር በታች የተዘረጉት ኬብሎች በ2009 ሞምባሳ ደርሰዋል።  ከጉዳዩ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የከተማዋ የኢንተርኔት መለዋወጫ ነው። በኖቬምበር 2000 ሥራ ሲጀምር ዓላማው አንድ የናይሮቢ መሥሪያ ቤት ለሌላው የሚልከው ኢሜይል በሳተላይት ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዳይመለስ ነበር። የስልክ ኩባንያው ቴልኮም ኬንያ ብቸኛ መብቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘጋው፤ በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ተከፈተ። በኋላም ከ13ቱ የሥር ሰርቨሮች የአንዳንዶቹ ቅጂ ናይሮቢ ውስጥ ተተከለ። ኤፍና ጄ የሚባሉት ይገኙበታል።

በጉባኤው ሳምንት የሥሩ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ለውጡ በአንድ ጊዜ ቢመጣ የዓለም ኢንተርኔት ይናጋ ይሆናል በሚል ሥጋት ሰርቨሮቹ ተራ በተራ እንዲገቡበት ተደርጓል፦ ኤል ጃንዋሪ 27፣ ኤ ፌብሩዋሪ 10፣ ኤምና አይ ማርች 3። እንግዶቹ ናይሮቢ ሲገቡ እንግዲህ አራቱ ፊርማ ያለበትን መዝገብ ለዓለም ያድሉ ነበር። ኤፍ ኤፕሪል 14፣ ጄ ሜይ 5 ስለነበር የናይሮቢዎቹ ቅጂዎች ተራቸው የደረሰው ጉባኤተኞቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። ደግሞም አራቱ ያደሉት ፊርማ የማስመሰያ ነበር። ቁጥሩ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ ተሰክቶበታል፤ ይህ ቁልፍ አይሠራም፣ አትጠቀሙበት የሚል። ያ ጽሑፍ ለኮምፒውተር ቁጥር ነው፤ ሊነበብ፣ ሊጻፍ፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሊላክ ይችላል። ፊርማ ግን አይወጣውም፤ አባዦቹ ታስበው የተሠራ አይደለምና።

ማርች 9 ቀን የአይካን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሮድ ቤክስትሮም ከመንግሥታት ተወካዮች ጋር ባደረጉት ስብሰባ የስም ሥርዓቱ ከምንጊዜውም ይልቅ ለጥቃት የተጋለጠ እንደሆነ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊቆም እንደሚችልም ተናገሩ። የየአገሩን የስም ክልል የሚያስተዳድሩት ሰዎች ተቆጡ፤ ያለ ማስረጃ መንግሥታትን አስደነገጡብን ሲሉ በሊቀ መንበራቸው በኩል በደብዳቤ ቅሬታ አቀረቡ። ቅሬታው ከስሕተት የመነጨ አይመስለኝም፤ ያ ንግግር የተሰማው የሥሩን ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለው ክርክር ባልበረደበት ወቅት ነው። ስለ ሒሳቡ ግን አንድም ወገን አልተጣላም።

ሒሳቡ ምን ይላል? ፕራይም የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። ፕራይሞች ተባዝተው የሚሰጡት ደግሞ ኮምፖዚት ይባላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ኢትዮጵያዊ ኮምፖዚትን በሥራ ያውቀዋል። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ የፀሐይ 28 ዓመት በጨረቃ 19 ዓመት ሲባዛ። እስከ መጨረሻው ሲከፋፈል 2 በ2 በ7 በ19 ይሆናል። ንዑስ ቀመር 19 ነው፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ሁለቱም ከዚያው ከ532 ይወጣሉ። መሪጌታው ቁጥሩን የሚፈልገው ክፍሎቹ ስለሚታወቁ ነው፤ በዓላትን የሚያወጣው በመግደፍ፣ ማለትም እያካፈለ ቀሪውን በመያዝ ነው። ናይሮቢ ላይ የሚጠበቀው ቁጥር የተፈለገው ለተቃራኒው ምክንያት ነበር፦ ሁሉም ይዞት ማንም እንዳይከፋፍለው።

ይህ ሊሆን የቻለው ስለ ኮምፖዚት ቁጥሮች በአንድ እንግዳ እውነት የተነሣ ነው። አንድ ቁጥር ኮምፖዚት መሆኑን አባዦቹን ሳያውቁ ማረጋገጥ ይቻላል። መነሻው ፌርማ በኦክቶበር 1640 በደብዳቤ የጻፈው ሐሳብ ነው። 2ን ከተመረመረው ጎዶሎ ቁጥር አንድ በሚያንስ ብዛት በራሱ አባዝተን ውጤቱን ለዚያው ቁጥር ስናካፍል ቀሪው 1 ካልሆነ፣ ቁጥሩ በፍጹም ፕራይም አይደለም። በምን በምን እንደሚካፈል ግን ምርመራው አንዳች አይነግረንም። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ፣ ከዚህ የረቀቀ መንገድ ተጠቅሞ፣ 2 ስልሳ ሰባት ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚገኘው ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ፕራይም እንዳልሆነ አሳየ። አባዦቹ እስኪገኙ 27 ዓመት ፈጀ። በኦክቶበር 1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንን ቁጥር እንደሚሰጥ አቀረበ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳ ላይ አባዝቶ በጭብጨባ ተቀመጠ፣ ለሥራውም የሦስት ዓመት እሑዶች ፈጀበት የሚለው ወግ ኤሪክ ቴምፕል ቤል ከብዙ ዓመታት በኋላ ከጻፈው የመጣ ነው፤ እንደ ወግ ቢያዝ ይሻላል። ብዜቱን ግን እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሉካስ ባወቀውና ኮል ባገኘው መካከል ያለውን ርቀት ሥራ ላይ ያዋሉት በ1977 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ናቸው። የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ክሊፈርድ ኮክስ ተመሳሳዩን ሐሳብ በ1973 ደርሶበት ነበር፤ ሥራው ምስጢር ስለነበር ዓለም የሰማው በ1997 ነው። በሦስቱ ስም አርኤስኤ ተብሎ የሚጠራው ዘዴ ሁለት ትልልቅ ፕራይሞችን ያባዛል፤ ብዜቱን ለሁሉ ይሰጣል፤ ፕራይሞቹን ይደብቃል። ብዜቱን የያዘ ሰው ፊርማ ትክክል መሆኑን መመርመር ይችላል። መፈረም የሚችለው ግን አባዦቹን የያዘ ብቻ ነው።

የርቀቱ ስፋት ምን ያህል ነው? እያንዳንዳቸው 309 አሃዝ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች በትምህርት ቤት ዘዴ ለማባዛት 309 በ309፣ ማለትም 95,481 ጊዜ አንድ አሃዝን በአንድ አሃዝ ማባዛትና መደመር ይጠይቃል። ታጋሽ ጸሐፊ በጥቂት ሳምንታት ይጨርሰዋል። ወደ ኋላ ለመመለስ ፕራይሞችን አንድ በአንድ እየሞከረ የሚሄድ ግን ያን ያህል ርዝመት ካላቸው ፕራይሞች ብዛት ጋር ይጋፈጣል፤ ብዛታቸው በ307 አሃዝ የሚጻፍ ነው። እነዚህ ፕራይሞች ሞልተዋል። በዚያ መጠን አካባቢ ከ710 ቁጥሮች በአማካይ አንዱ ፕራይም ስለሆነ ማሽን በጥቂት ጊዜ ሁለት ያገኛል፤ ያገኛቸውን ሌላው መልሶ እንዲያገኝ ግን የሚመራው ምልክት የለም።

በእርግጥ አንድ በአንድ ከመሞከር የተሻሉ ዘዴዎች አሉ፤ የታሪኩ ውጥረትም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሦስቱ በ1977 ባለ 129 አሃዝ ብዜት ሠርተው የ100 ዶላር ሽልማት አቀረቡበት። በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ማርቲን ጋርድነር ባስነበበው ግምት መሠረት ለመፍታት 40 ሚሊዮን ቢሊዮን ዓመት ያስፈልግ ነበር። በ17 ዓመት ተፈታ፤ በኤፕሪል 1994 ወደ 600 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው። ግምቱ የተሳሳተው ኮምፒውተር ስለፈጠነ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ስላጠረ ነው። ከናይሮቢው ጉባኤ ሦስት ወር በፊት፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2009፣ የቶርስተን ክላይንዩንግ ቡድን ባለ 232 አሃዝ የሆነውን፣ በቢት ሲለካ 768 የሆነውን ብዜት ከፈለ። ሥራው ለአንድ የዘመኑ ፕሮሰሰር 2,000 ዓመት ያህል የሚወስድ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀጣዩ ደረጃ፣ ባለ 1,024 ቢት፣ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል እንደሚከብድና እሱም በአሥር ዓመት ውስጥ ሊደረስበት እንደሚችል አስጠነቀቁ።

ይህ ማስጠንቀቂያ በወጣ በሁለት ወሩ ናይሮቢ የተገናኙት ሰዎች ይዘውት የመጡት ዕቅድ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። ዋናው 2,048 ቢት፣ ማለትም 617 አሃዝ፤ የዕለት ሥራውን የሚሠራውና በየሦስት ወሩ የሚለወጠው ግን 1,024 ቢት፣ 309 አሃዝ። ሁለተኛው በዕድሜው አጭርነት ይጠበቃል የሚል ስሌት ነበር። ስሌቱ አላሳፈረም፤ ባለ 1,024 ቢት የአርኤስኤ ብዜት ከፈልሁ ያለ እስካሁን በይፋ አልተሰማም። እንዲያም ሆኖ በኦክቶበር 2016 ይኸኛውም ወደ 2,048 ቢት ከፍ ተደርጓል።

ባለ 617 አሃዙ የተወለደው ጁን 16 ቀን 2010 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ከልፔፐር በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሥነ ሥርዓቱ በካሜራ ተቀርጿል፤ እያንዳንዱ ድርጊት ሰዓቱ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ፕራይሞቹን የመረጠው ሲነካኩት ውስጡን የሚያጠፋ ማሽን ነው፤ ሰው አላያቸውም። በጁላይ ካሊፎርኒያ ኤል ሴጉንዶ ላይ ሁለተኛ ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ቅጂው እዚያም ተቀመጠ። ጁላይ 15 ቀን ቁጥሩ ለዓለም ወጣ።

ማሽኑን የሚያስነሡት ካርዶች የተቀመጡባቸው ሣጥኖች ቁልፎች ከየአገሩ ለተመረጡ የማኅበረሰብ ተወካዮች ተሰጡ፤ ለየቦታው ሰባት፣ ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ካልተገኙ ማሽኑ አይነሣም። ሌሎች ሰባት ደግሞ አደጋ ቢደርስ መጠባበቂያውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ቁልፍ ተከፋፍለው ያዙ፤ ከእነዚህ አምስቱ መገናኘት አለባቸው። በመጀመሪያው ዝርዝር ከአፍሪካ የቤኒኑ አላን አይና፣ የሞሪሸሱ ሱብራማንያን ሙነሳሚና የቡርኪና ፋሶው ሙሳ ጌብሬ ነበሩበት። ከኬንያም ከኢትዮጵያም ሰው አልነበረም። ዳን ካሚንስኪ ራሱ ከመጠባበቂያ ያዦቹ አንዱ ሆነ፤ በ2021 እስኪሞት ስሙ ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ ይነሣ ነበር።

ፊርማውን ለመመርመር ከብዜቱ ጋር አብሮ የሚታወጅ ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ 65,537 ነው። ካሚንስኪ ካጋለጣቸው 65,536 መለያዎች በአንድ ይበልጣል፤ ሁለቱ መቀራረባቸው ኮምፒውተር በ2 እጥፍ ስለሚቆጥር እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። 65,537 ፕራይም ነው፣ ያውም ፌርማ ሁሉም ፕራይም ናቸው ብሎ ከገመታቸው ተርታ። ከእሱ የሚቀጥለውን 4,294,967,297 ኦይለር በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በተርታው ውስጥ ሌላ ፕራይም አልተገኘም።

ከ2010 በኋላ ያለው መዝገብ ሲገለበጥ የሚያስገርመው ቁጥሩ አንዴም አለማስቸገሩ ነው። ያስቸገረው በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ነው። የመጀመሪያው ብዜት በአዲስ እንዲተካ ለኦክቶበር 11 ቀን 2017 ተቀጥሮ ነበር፤ አዲሱን ገና ያላወቁ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሰርቨሮች እንዳሉ የሚያሳይ መረጃ ስለመጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተራዘመ፤ የተፈጸመው ልክ በዓመቱ ኦክቶበር 11 ቀን 2018 ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ኤል ሴጉንዶ ላይ ካዝናው አልከፈት ብሎ ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ በስቶ እስኪከፍተው ሥነ ሥርዓቱ በቀናት ዘገየ። በዚያው ወር ፈረንሳይ ውስጥ የተመራ ቡድን ባለ 250 አሃዝ ብዜት መክፈሉን አሳወቀ፤ ሥራው ለአንድ ፕሮሰሰር 2,700 ዓመት ያህል ነበር። ካዝናው የያዘው ግን ገና 367 አሃዝ ይቀድመዋል። ሁለት ወር አልቆየም፣ ኮሮና ጉዞ ስለከለከለ የኤፕሪሉ ሥነ ሥርዓት በጥቂት ሰው ተካሄደ፤ እንደገና መሰብሰብ ባይቻል በሚል የዘጠኝ ወር ፊርማ በአንድ ቀን ተዘጋጀ።

የ2010ሩ ብዜት በጃንዋሪ 2019 ከአገልግሎት ተሰርዞ በማርች ከሥሩ መዝገብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ምስጢራዊ ክፍሉ ከማሽኖቹ ውስጥ እንዲጠፋ ተደረገ። ቁጥሩ ራሱ በአሮጌ ሶፍትዌሮችና በየማኅደሩ እንደተጻፈ አለ፤ ከፍሎ መሞከር የፈለገ አሁንም ሊሞክርበት ይችላል፣ የሚያተርፈው ፊርማ ግን ከእንግዲህ ማንም አይቀበለውም። ሦስተኛው፣ እሱም ባለ 617 አሃዝ፣ በጃንዋሪ 2025 በመዝገቡ ታውጇል፤ መፈረም እንዲጀምር የተቀጠረው ለኦክቶበር 11 ቀን 2026 ነው።